እልፍ ብሎ ነው

አርሲ ውስጥ መንገድ ጠይቆ በእግሩ ያልተጓዘ ሰው ርቀት አውቃለሁ እንዳይል።

አምና ጥቅምት ላይ ከሳጉሬ ወዲያ ለቅሶ ለመድረስ ሄድኩ። ከአሰላ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ጣለኝና ወደ በቆጂ ነጎደ። ሁለት በሬ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ሰላምታ አስቀድሜ የሟቹን ቤት ጠየቅኋቸው። እጃቸው በበትሩ ስለተያዘ በከንፈራቸው አመለከቱኝ። "እልፍ ብሎ ነው" አሉ። እልፍ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እልፍ ካልኩ በኋላ ጀሪካን ያዘለች ልጅ አገኘሁ። "አቹማ!" አለችኝ በኦሮምኛ፤ እዚያው ነው ማለቷ ነው፤ ደግሞም በአማርኛ ጨመረችልኝ፦ "ትንሽ እልፍ ሲሉ።" የገብስ ማሳ አለፈ፣ የስንዴ ማሳ አለፈ፣ አንዱን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ ተሻገርኩ፣ አንድ ውሻ ከነቤተሰቡ ሸኘኝ። በመጨረሻ አንድ እረኛ፣ "ደርሰዋል እኮ ጋሼ፣ እልፍ ብሎ ነው" ሲለኝ መሬት ላይ ዘጭ ልል ምንም አልቀረኝ። ለቅሶው ቤት የደረስኩት ንፍሮው አልቆ ሰው ሲበተን ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬን አየሁ። ስለ ስልኬ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ለጊዜው ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ የምረግጠውን ሁሉ የሚመዘግብ ሰላይ ነው በሉት። ከአስፋልቱ እስከ ለቅሶው ቤት ያለውን መንገድ ለክቶ አስቀምጦታል፦ 10 ኪሎ ሜትር። አስር ሺህ ሜትር መሆኑ ነው። አስር ሺህ ደግሞ በግእዙም በደንበኛው አማርኛም እልፍ ይባላል።

ሽማግሌውን መንገዱን ሙሉ ሳማቸው መዋሌ ጸጸተኝ። ሰውየው ልኩን ነው የነገሩኝ። እልፍ ብሎ ነው፤ ሜትሩን ብቻ ነው የዋጡት።

ይህን ግኝት ይዤ በማግስቱ ጎረቤቴ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። መሪጌታ በቃል ሲቀለድ አይወዱም። ገና ሳልጨርስ፣ "አታዳቅል!" አሉኝ። "እልፍ አለ የምትለው ከኀለፈ የመጣ ነው፤ በብዙኃኑ ኀ። ቁጥሩ እልፍ በአልፋው አ ነው። ስማቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም።" ከዚያ እንደ መራራት ብለው የቁጥሩን ዘር ቆጠሩልኝ። ዐረቦች አልፍ ይላሉ፣ ዕብራውያን ኤሌፍ ይላሉ፤ ሁለቱም ዘንድ አንድ ሺህ ማለት ነው። ያው ቃል ወደ ግእዝ ሲመጣ ግን አስር ሺህ ሆነ፤ ሺውን ግእዝ "ዐሠርቱ ምእት"፣ አስር መቶ፣ ብሎ ነው የሚጠራው። "እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ እኛ ዘንድ ሲደርስ አስር እጥፍ መሆኑ ዛሬ አልተጀመረም" አልኳቸው። አልሳቁም።

ይልቁንስ ወረቀት አምጥተው አንድ ምልክት ጻፉልኝ፦ ፼። "ምን ይታይሃል?" አሉ። የዓይን መነጽር የሚመስል ነገር አልኳቸው። "ልብ ብለህ እይ። ይኸኛው ፻ ነው፤ ያኛውም ፻ ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ነው። መቶ ጊዜ መቶ።" እኔ ትምህርት ቤት አራት ዜሮ በሰልፍ ስደረድር የኖርኩት ሰውዬ አፍሬ ዝም አልኩ። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ፈረንጁ አንድን ፊት አድርጎ አራት ባዶ ያስከትላል፤ እኛ ዘንድ ቁጥሩ የራሱን ስሌት በመልኩ ተሸክሞ ይዞራል፤ 100 በ100 ሲባዛ ምን እንደሚሆን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ሁለት እልፍ ጎን ለጎን ከቆሙ ደግሞ፣ ፼፼፣ መቶ ሚሊዮን ናቸው። መሪጌታ እግረ መንገዳቸውን የሳኦልንና የዳዊትን ነገር አነሡ። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ሰጡ፤ ንጉሡ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይኑ ቀላ። እኔ እንደማስበው ያን ሁሉ ጦር ያስወረወረው የአንድ ዜሮ ልዩነት ነው፤ ያውም ዜሮ ገና ባልነበረበት ዘመን።

አሁን ስለ ስልኬ። ሐኪም ስኳርህ ከፍ ብሏል አለኝ፤ ጩኮ ቀንስ፣ ተራመድ። ጩኮ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ መሆኑን የማያውቅ ሰው ካለ አርሲ ይምጣና ይቅመስ፤ "ቀንስ" የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያኔ ይገባዋል። ስንት ልራመድ ብዬ የጠየቅሁት ግን ስቶክሆልም ያለውን የእህቴን ልጅ ነው። (ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ካዱ የተባለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ሲጀምሩ መቀመጫቸውን አሰላ አድርገው ነበር። አሁን ተራው የእኛ ሆኖ ልጆቻችን እነሱ ዘንድ ተቀምጠዋል።) ልጁ ሳያመነታ፣ "በቀን አስር ሺህ እርምጃ፣ ጋሼ! ሳይንስ ነው" አለኝና እሱም ከዚያው ሆኖ የሚያየው እርምጃ ቆጣሪ ስልኬ ላይ አስጫነኝ።

የኋላ ኋላ ሳጣራው ሳይንሱ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈበት ከ1957ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ጃፓኖች የአካል እንቅስቃሴ ፍቅር ያዛቸው፤ ያማሳ የተባለ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1965 ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አወጣ። ስሙን ማንፖኬይ አለው። ማን አስር ሺህ ነው፤ ፖ እርምጃ፤ ኬይ መለኪያ። አዎ፣ ጃፓኖች አስር ሺህን "ማን" ነው የሚሉት፤ እንደ እኛው አንድ ምልክት አላቸው። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት፣ "አስር ሺህ እርምጃ ሂድ ያለህ ማን ነው?" አለችኝ። "ማን ነው" አልኳት። እስካሁን እንደተኮራረፍን ነን።

እናም ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ መውጣት ጀመርኩ። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ብርዷ በዚያ ሰዓት ቀልድ አያውቅም። ብርዱስ ይሁን፤ የአሰላ ሰው ለጤና ልራመድ ሲል የሚገጥመው ፈተና ሌላ ነው። ገና እርምጃ ሃምሳ ላይ እያለሁ ሰባት ስምንት ልጆች በቱታ፣ እግራቸው መሬት የነካ ሳይመስል፣ በጎኔ ሽው ይላሉ። ዞረው ሲመለሱ እርምጃ ሁለት መቶ ላይ ያገኙኛል። "በርታ ጋሼ!" ይሉኛል ደግሞ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ መራመድ መረጥኩ። መሰልቸቱን ለማባረር አንድ ዘዴ አገኘሁ፦ መጀመሪያ 1 እርምጃ፣ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 7፣ እንዲህ ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ እየተከተልኩ። ጎዶሎዎችን ከአንድ ጀምራችሁ በተራ ስትደምሩ ሁልጊዜ የሚወጣው አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው፤ 1 እና 3 አራት፣ ሁለት በሁለት፤ 5 ሲጨመር ዘጠኝ፣ ሦስት በሦስት። መቶኛው ጎዶሎ 199 ነው። እሱን ስጨርስ ድምሩ መቶ በመቶ፣ እልፍ ይሞላል፤ አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። ነገሩ ለእኔ ውበት ነበር። በአጥር በኩል ለምታየኝ ጎረቤቴ ግን አንድ ሽማግሌ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ሦስት ሄዶ ይዞራል፣ አምስት ሄዶ ያስባል። አራተኛው ቀን ላይ፣ "ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው? እናፋልግህ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን መናገር አልነበረብኝም። ሰፈራችን ውስጥ ሯጭ ለመሆን የሚጣጣር ልጅ አለ። ስልኬን ኪሱ ውስጥ አስገባሁለት። እሱ ልምምዱን ሠርቶ ሲመለስ እኔ እልፌን በእንቅልፍ ጨርሼ ተነሣሁ። በዚያው ቀን ስቶክሆልም ደወለች። ልጁ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፦ "ጋሼ፣ በሰዓት አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጠሃል ይላል! ልብህን! በአስቸኳይ ሐኪም ጋ ሂድ!"

ስልኩ በፍጥነት ቢያጋልጠኝም በእርምጃው ግን ራሱ ሞኝ መሆኑን ደረስኩበት። ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ አስር ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ፤ ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌይ በ2013 ዓ.ም. መስከረም እስኪሰብረው ድረስ አስራ አምስት ዓመት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። እያንዳንዱን ዙር በአማካይ በ63 ሰከንድ ማለት ነው። እንዲህ የሚሮጥ ሰው አንድ እርምጃው ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ እልፍ ሜትሩን በአምስት ሺህ እርምጃ ግድም ጨርሶታል። ያን ቀን የኔ ስልክ ቀነኒሳ ኪስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ "ግማሹ ይቀርሃል፣ አይዞህ!" ይለው ነበር።

የእልፍን ጠባይ በደንብ ያስተማረኝ ግን ዕቁባችን ነው። ሃያ አምስት ሰዎች ነን፤ በየሳምንቱ አራት መቶ አራት መቶ ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የደረሰው 10,000 ይዞ ይገባል። ሰላማዊ ዕቁብ ነበር። መጋቢት ላይ፣ ዙሩ አልቆ አዲስ ልንጀምር ስንል፣ አንዱ ዕቁብተኛ ሥራ ተቀይሮ አዳማ ገባ። ሃያ አራት ቀረን። አንዱ ተነሣና፣ "እልፏ እንዳትነካ፣ መዋጮውን እናስተካክል" አለ። ጸሐፊያችን ስልኩን አውጥቶ አካፈለ። 416 ብር ከ66 ሳንቲም፣ ከዚያም ስድስት፣ ከዚያም ስድስት፣ ስድስቱ ማለቂያ የለውም። "ሳንቲሙን ተወው፣ 416 እንጣል" ተባለ። ያ ሲደመር 9,984 ነው። 16 ብር ጎደለ። ይህችን 16 ብር ማን ይሙላ በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በዚህ መሐል የጠጣነው ሻይ ዋጋ ስንት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የቁጥሩ ተፈጥሮ ነው። እልፍን ብትበልቱት ውስጡ ሁለትና አምስት ብቻ ነው ያለው፦ አራት ሁለቶችና አራት አምስቶች። ሁለቶቹ ተባዝተው 16፣ አምስቶቹ ተባዝተው 625፣ ሁለቱ ተገናኝተው 10,000። ሌላ ደም የለበትም። ስለዚህ ከእነዚሁ ሁለቶችና አምስቶች ዘር የሆነ እንግዳ ሲመጣ እልፍ ቤቱን ይከፍታል፤ ለ8 ይካፈላል፣ ለ40 ይካፈላል፣ ለ125 ይካፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እልፍ ብርም ለሃምሳ ሰው አንድ አንድ ባለ ሁለት መቶ ኖት ነው፤ ጌጥ ማለት ይህ ነው። ሦስት ከመጣ ግን በሩ ዝግ ነው። ሦስት ወንድማማቾች የአባታቸውን በሬ በአስር ሺህ ብር ቢሸጡ እንኳ ፍርድ ቤት የምታደርሳቸው አንድ ብር ትተርፋለች። ሃያ አራት ደግሞ በሆዱ ሦስትን ደብቆ የመጣ ቁጥር ነው።

ክርክሩን እንዴት ፈታነው? ባለቤቴ ሃያ አምስተኛዋ ሆና ገባች። ስምምነት ሰፈነ፤ ከኔ ቤት በየሳምንቱ የሚወጣው 800 ብር ሆነ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ሲስቅ ከረመና፣ "25 ሲባዛ በ400ን በኢትዮጵያ ማባዣ ሠርታችሁት ታውቃላችሁ?" አለኝ። የኢትዮጵያ ማባዣ ምን እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ኢትዮጵያ ኖሬ አልሰማሁም። በውጭ ሀገር የሒሳብ መጻሕፍት እንዲህ የሚባል ዘዴ አለ፤ የሩሲያ ገበሬዎችም ስም ይሰጠዋል፤ ግብፆችም ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ እያጠፉ ሲያባዙ የተገኙት በዚሁ ሥር ነው። በግራ 25ን በየጊዜው ግማሽ ታደርጋለህ፣ ስባሪውን ትጥላለህ፦ 25፣ 12፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 400ን በዚያው ልክ ታጥፋለህ፦ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200፣ 6,400። ከዚያ በግራ ሙሉ፣ ማለትም ለሁለት የሚካፈል፣ ቁጥር ያለበትን መስመር ትሰርዛለህ፤ 12ና 6 ከነጓዛቸው ይወጣሉ። በቀኝ የተረፉትን ትደምራለህ፤ 400፣ 3,200፣ 6,400። እልፍ! ማጠፍና መግመስ የሚችል ሰው የማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልገውም። ምሥጢሩ 25 ማለት 16 እና 8 እና 1 መሆኑ ነው፤ የተሰረዙት መስመሮች 2 እና 4 ናቸው፣ መጀመሪያም በ25 ውስጥ አልነበሩም።

ለዕቁባችን ዳኛ በቆሎ ፍሬ ደርድሬ አሳየኋቸው። በጥሞና ተከታተሉና፣ "እኔን ያልገባኝ" አሉ፣ "12ና 6 ምን አጥፍተው ነው የተባረሩት?"

"ሙሉ ስለሆኑ ነው።"

"ጎዶሎው ቀርቶ ሙሉው ይባረራል?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትም የኢትዮጵያ ነው።"

ያን ማታ 25 ሲባዛ በ400 ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ በቴሌቪዥን ነው የማውቀው። የሩጫ ትራክ 400 ሜትር ነው፤ አስር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። ዕቁባችን ሳያውቀው ስታዲየም ሲዞር ኖሯል። ተነሥቼ ለእልፍ ያለ ቀሪ የሚሆኑትን አካፋዮች ሁሉ ከ1 እስከ ራሱ መጻፍ ጀመርኩ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 8፣ 10፣ 16 እያልኩ። ቆጠርኳቸው። ሃያ አምስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ አምስት። አራት ሁለቶች ስላሉት አምስት ምርጫ፣ አራት አምስቶች ስላሉት አምስት ምርጫ፣ አምስት በአምስት። ትራኩን የለካው ሰው ይህን አስቦ አይደለም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን እልፍ ራሱ በስንት መንገድ እንደሚካፈል፣ ሯጩም እልፍን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ስትጠየቁ መልሱ አንድ መሆኑ እንቅልፍ አያስወስድም።

በዚያ ላይ ይህ ቁጥር የኛ የሰፈር ልጅ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ ሆኖ እዚሁ አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚሄደው አስር ኪሎ ሜትር ሮጦ ነው፤ ማታም ያንኑ ያህል ሮጦ ይመለሳል። ጠዋት እልፍ፣ ማታ እልፍ፤ መንገዱን ማን እንደጠቆመው መገመት አያቅተኝም፤ ከንፈሩን አሹሎ "እልፍ ብሎ ነው" ያለው አንድ ሰው ይኖራል። ደብተር ያቀፈበት ግራ ክንዱ ዓለምን ካሸነፈ በኋላ እንኳ እንደታጠፈ ነው የሮጠው። ከዚያም ቁጠሩ፦ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና፣ በ1993 ሲድኒ። ኃይሌ በ1988 አትላንታ፣ በ1993 ሲድኒ። ቀነኒሳ በ1996 አቴንስ፣ በ2000 ቤጂንግ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ቤጂንግ፣ በ2004 ለንደን። አራት የአርሲ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ፣ ሁሉም በአስር ሺህ ሜትር። ስምንት እልፍ። ስምንት ደግሞ፣ ይታያችሁ፣ የሁለት ዘር ነው።

ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ከእልፍ ሜትር በኋላ ከአንድ እርምጃ ያነሰ። ቁጥሮችም እንዲህ ያደርጋሉ። እልፍን አለፍ ስትሉ መጀመሪያ የምታገኙት ፕራይም፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር፣ 10,007 ነው፤ ከጎኑ ሁለት ብቻ ርቆ 10,009 ይከተለዋል፤ እሱም ፕራይም ነው። እንዲህ ያሉትን የሒሳብ ሰዎች መንታ ይሏቸዋል። ከእልፍ ወዲህ ደግሞ የመጨረሻው ፕራይም 9,973 ነው። በ9,973ና በ10,007 መካከል ያሉት በሙሉ፣ እልፍን ጨምሮ፣ የሚካፈሉ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ትናንት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬን ባየሁ ጊዜ 9,973 ስላለኝ ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ኩርፊያዋ ገና ስለሆነ ፊቷን ሳታዞር ሰማችኝ።

"ለማንም የማይካፈል ነው አልክ?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ብቻህን ተሸከመው። በዚያው የውጭው በር መቀርቀሩን እይ።"

ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። እስከ በሩ አስራ ሰባት እርምጃ። ተቀርቅሯል። ከበሩ እስከ አልጋው አስራ ሰባት። ስልኬን ባየው 10,007 ላይ ቆሟል። ሁለት እርምጃ ብጨምር መንታውን አገኘው ነበር፤ መብራቱን ግን አጥፍታዋለች።